ሌሊት 9 ሰዓት ማን ይቀስቀስ?

አዲስ አበባ ውስጥ የማውቃቸው የሶፍትዌር ቡድኖች ሁሉ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ስሙ «ሲስተም አለርት» ወይም «ፕሮዳክሽን» ምናምን ይባላል። ውስጡ ቦት አለ። ቦቱ ቀን ከሌት ይጽፋል። ሲፒዩ (የሰርቨሩ አንጎል) 85 በመቶ ደረሰ። ሚሞሪ ሊሞላ ነው። ሲፒዩ ወረደ። ሲፒዩ እንደገና ወጣ። አባላቱ በሙሉ የግሩፑን ድምፅ ዘግተውታል፤ ማንም አፉን ሞልቶ አይናገረውም እንጂ። ያልተነበበው መልእክት አራት አሃዝ ሲገባ አንዱ ይከፍተውና እስከ ታች ጎትቶ ይዘጋዋል። ክትትል ተደረገ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ግሩፕ በክፋት አይፈጠርም። አንድ ቀን የሆነ ነገር ይበላሻል። ከእኛ በፊት ደንበኛው ያውቃል። ስልክ ይደወላል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ «ሁለተኛ እንዳይደገም» ይባላል፣ አንድ አለርት (ማንቂያ) ይጨመራል። በሚቀጥለው ጊዜም እንደዚያው። ጨማሪ እንጂ ቀናሽ የለም። አለርት ያጠፋ ሰው በማግሥቱ አንድ ነገር ቢፈጠር ይጠየቅበታል። የጨመረ ሰው ግን ተጠይቆ አያውቅም።

ለእኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው፤ ይኼ ሁሉ ጩኸት የሚመጣው ቀድመን መነጋገር የነበረብን ነገር ላይ ስላልተነጋገርን ነው። ስንት ስህተት እንታገሣለን? ለየትኛው ሥራ? ከዚያ ካለፈስ ማን ይነሣ፣ ስንት ሰዓት ላይ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ የሚተከል ዳሽቦርድ (የቁጥር መከታተያ ገጽ) ሁሉ ግሩፑን ከማጨናነቅ አያልፍም።

የምሠራው ገንዘብ በሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር ላይ ነው። የእኛ ተጠቃሚ ሲፒዩ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። እሱ የሚያውቀው መርካቶ ሱቅ ቆሞ የላከው ብር መድረሱንና አለመድረሱን ነው። ሰርቨሩ በ95 በመቶ ሲፒዩ እየተንተከተከ ገንዘቡን በአንድ ሰከንድ ሊያደርስለት ይችላል። በሌላ ቀን ደግሞ ሰርቨሩ ቀዝቅዞ፣ ወደ ዳታቤዙ የሚወስደው መስመር ተዘግቶ፣ አንድ ብር ሳይንቀሳቀስ ሊያድር ይችላል። ባንክ መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ስንባል የትኛው ሰርቨር እንደሆነ የጠየቅንበት ጊዜ አለ?

ስለዚህ ልኬቱ ከሰርቨሩ ወደ ፈንክሽኑ፣ አንድ ሥራ ወደሚሠራው የኮድ ክፍል፣ መውረድ አለበት። «ገንዘብ አስተላልፍ» የሚለው ፈንክሽን ስንት ጊዜ ተጠራ፣ ስንቱ ተሳካ፣ ስንቱ ከሸፈ፣ ምን ያህል ጊዜ ወሰደ። ይኼን ማድረግ ዛሬ ከባድ አይደለም። በፓይተን ለሚሠራ ሰው ከፈንክሽኑ አናት ላይ አንድ መስመር ዲኮሬተር (ፈንክሽኑ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ማስቀመጥ ነው፤ ቆጣሪው ራሱ ይቆጥራል። አውቶሜትሪክስ የሚባለው ክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ለዚሁ የተሠራ ነው። ግቡን ራሱን፣ ከመቶ ስንቱ መሳካት እንዳለበት፣ ኮዱ ውስጥ፣ ፈንክሽኑ ጎን እንድንጽፈው ያደርገናል። ቁጥሮቹን የሚሰበስበው ፕሮሚቲየስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሳውንድክላውድ ውስጥ የተጀመረ፣ ዛሬ በየቦታው የሚገኝ ነፃ ሶፍትዌር። በዶላር የማይከፈልበት መሆኑ ለእኛ አገር ቡድን ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁሉንም ፈንክሽን መለካት ግን አያስፈልግም። ኮዱ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈንክሽኖች አሉ። አብዛኞቹ ቢከሽፉ እንኳ የሚያስጮኸው እነሱን የጠራው ትልቁ ፈንክሽን ነው። ግብ የሚገባው ተጠቃሚው በሩን የሚያንኳኳበት ፈንክሽን ነው። በእኛ ቤት እነዚህ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ ገንዘብ ማስተላለፍ፣ ኦቲፒ (የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ኮድ) መላክ፣ ቀሪ ሂሳብ ማሳየት፣ ከውጭ የሚላክ ሐዋላ መቀበል፣ ወርሃዊ ሪፖርት ማዘጋጀት። በነገራችን ላይ የደንበኛ ስልክ ቁጥር ልኬቱ ላይ ሌብል (መለያ) አድርጎ የሚለጥፍ ሰው አይጠፋም። አታድርጉት። እያንዳንዱ ቁጥር አዲስ መዝገብ ይከፍትና ፕሮሚቲየስን ያንቀዋል። የሰው ስልክ ቁጥርም ግራፍ ላይ ምን ይሠራል?

ይኼን አስተሳሰብ ወግ ያስያዘው ጉግል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ቤን ትሬይነር ስሎስ አንድ ቡድን ተረክቦ የኦፕሬሽን ሥራን እንደ ሶፍትዌር ኢንጂነር ማሰብ ጀመረ። በሙያው ቋንቋ የምንለካው ነገር ኤስኤልአይ፣ ግቡ ኤስኤልኦ፣ ለደንበኛ በውል የምንገባው ቃል ኤስኤልኤ ይባላል። ከግቡ እስከ መቶ ያለችው ክፍተት ደግሞ የስህተት በጀት ነች። ከዚህ ሁሉ እኔ የምወዳት እሷን ነው። መሳሳት ይፈቀዳል፣ ልክ ግን አለው እያለች ትናገራለች።

ቁጥር መምረጡ ላይ ነው ሰው የሚጣላው። ኦፕሬሽኑን የሚመሩት ጋሼ ለገንዘብ ማስተላለፊያው ምን ግብ እንስጥ ሲባሉ ዓይናቸውን አላሹም።

«መቶ ነዋ! ገንዘብ እኮ ነው!»

«ጋሼ፣ መቶ ከሆነ አንድ ሰው ላይ አንድ ጊዜ ቢከሽፍ ግቡ ተሰበረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወሩን ሙሉ ምን እናድርግ?»

«አይከሽፍማ!»

«መብራት ይጠፋል። የኤስኤምኤስ መስመሩ ይቆማል። እኛ የምንደገፍባቸው ሰዎች ራሳቸው መቶ አይሰጡንም።»

ጋሼ ሳቁ። ሳቃቸው ግን መስማማት አልነበረም። እውነታቸውን ነው፤ ለአንድ አዛውንት ነጋዴ «ከሺሕ አንዱ ክፍያዎ ቢከሽፍ ችግር የለውም» ብሎ መናገር አፍ ላይ አይመጣም። ክርክሩን የሰበረው ቁጥሩን ወደ ሰዓት መለወጥ ነው። በ30 ቀን ውስጥ 99 በመቶ ማለት 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ መቆም ይቻላል ማለት ነው። 99.9 ሲሆን 43 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይሆናል። 99.99 ወደ 4 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ይወርዳል። 99.999 ደግሞ 26 ሰከንድ ገደማ ነው። በ26 ሰከንድ ውስጥ ተረኛው ስልኩን አያነሣም። ላፕቶፑን መክፈት ቀርቶ መነጽሩን አያገኝም። እዚያ ደረጃ መድረስ የሚፈልግ ድርጅት ሰውን መቀስቀስ ትቶ ራሱን በራሱ የሚጠግን ሲስተም መሥራት አለበት፤ ወጪውም በዚያው ልክ ነው።

ጥገኝነት የሚባለውም ነገር አለ። አንድ የገንዘብ ዝውውር አምስት ነገሮች ላይ ቢንጠለጠልና እያንዳንዳቸው በየፊናቸው 99.9 ቢሆኑ አምስቱ ሲባዙ 99.5 ይመጣል። በወር 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት «የእኔ ጥሩ ነው» ይላል፤ አይዋሽም። ተጠቃሚው የሚያየው ግን ብዜቱን ነው። ከምንደገፍበት በላይ ግብ ማውጣት የሚቻለው መጠባበቂያ ስናዘጋጅ ነው፤ ሁለተኛ የኤስኤምኤስ መስመር፣ ወረፋ ይዞ እንደገና የሚሞክር ኮድ። ያ ከሌለ ቁጥሩ ምኞት ነው።

ለእኛ የሠራልን ጥያቄ «ሲከሽፍ ተጠቃሚው ምን ያጣል?» የሚለው ነበር። ዝውውር ሲከሽፍ ሰውየው ካሸር ፊት ቆሟል፣ ከኋላው ሰልፍ አለ፣ ኪሱ ውስጥ ጥሬ ብር የለም። ለዚህ 99.9። ወርሃዊ ሪፖርት ሲከሽፍ ሒሳብ ሠራተኛዋ ሻይ ጠጥታ ተመልሳ ትሞክራለች። ለዚህ 99 ይበቃል፤ እንዲያውም እኔ 95ም አይከፋኝም። ኦቲፒ መሀል ላይ ነው፤ እሱ የራሱ ጣጣ አለው። ዘግይቶ የደረሰ ኦቲፒ እንዳልደረሰ ነው፤ ኮዱ ጊዜው ካለፈበት በኋላ ሲመጣ እንዲያውም ያናድዳል። ስለዚህ የኦቲፒ ስኬት ማለት «ላክን» ሳይሆን «በጊዜው ደረሰ» መሆን ነበረበት። ያን ለማወቅ ደግሞ ከመልእክት አስተላላፊው የማድረሻ ሪፖርት ያስፈልጋል። ሪፖርቱ በማይመጣበት መስመር ላይ የምንለካው እጃችን እስከደረሰበት ብቻ ነው።

ግብ ከፍ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ማለፉም ችግር እንደሚሆን የሚያሳይ ታሪክ ከጉግል አለ። ቻቢ የሚባል የውስጥ አገልግሎት ነበራቸው፤ ሌሎች ሲስተሞች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚቆልፉበት። ከመጠን በላይ አስተማማኝ ሆነ። ሌሎቹ ቡድኖች ጭራሽ እንደማይወድቅ ቆጥረው ኮዳቸውን በሙሉ እሱ ላይ አሳረፉ፤ አልፎ አልፎ ሲወድቅ ታዲያ ሁሉም አብሮ ይወድቃል። መፍትሔያቸው ምን ሆነ? ሩብ ዓመቱን በሙሉ ከግቡ በላይ ሆኖ ካለፈ ሆን ብለው ያወርዱታል። ይኼን ለጋሼ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁትን መግለጽ አልችልም።

መስኮቱ ላይ፣ ማለትም ግቡ በስንት ቀን ይለካ በሚለው ላይ፣ ያደረግነውን አንድ ምርጫ ላንሣ፤ ሌላ ቦታ ተጽፎ አላየሁትም። ብዙ ሰው 28 ቀን የሚንሸራተት መስኮት ይመክራል፤ ሁሌም እኩል ቅዳሜና እሑድ ስለሚይዝ። ለፈረንጅ ትራፊክ ልክ ነው። የእኛ ትራፊክ ግን ከሳምንቱ ይልቅ የሚታዘዘው ለደመወዝ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን የሚያገኘው በእኛው ወር ነው፤ ወሩ ደግሞ 30 ቀን ነው። የ28 ቀን መስኮት አንዳንዴ የደመወዙን ቀን ጨርሶ ላይዝ ይችላል። 30 ቀን ከሆነ ሁሌም አንድ ይይዛል። ጳጉሜን ብቻ ናት የምታስቸግረው። በፈረንጅ ወር የሚከፍሉ ድርጅቶች ሌላ ጉብታ ይፈጥራሉ፤ እሱም ብዙውን ጊዜ መስኮቱ ውስጥ ይወድቃል።

ቁጥሩን ከመምረጥ የሚከብደው «ስህተት» ምን እንደሆነ መወሰን ነው። «በቂ ሂሳብ የለዎትም» ብሎ የመለሰ ፈንክሽን ከሽፏል? አልከሸፈም። ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ይኼን እንደ ስህተት የቆጠረ ሰው የወር መጨረሻ ሲደርስ ቦቱ ሲያብድ ያያል፤ ሰው ገንዘብ ስላለቀበት ብቻ። የተሳሳተ ፒንም እንደዚያው። በተቃራኒው ደግሞ ስህተቱን የሚውጥ ኮድ አለ። ውስጡ ዳታቤዙ ተሰብሮ፣ ፈንክሽኑ ስህተቱን ይዞ ባዶ መልስ ይመልሳል። ቆጣሪው «ተሳክቷል» ብሎ ይመዘግባል። ልኬት ስንጀምር መጀመሪያ ያጸዳነው እንዲህ ያለውን ኮድ ነው፤ አሰልቺ ሥራ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን እሱ ነው።

ገንዘብ ላይ ደግሞ ሦስተኛ መልስ አለ፦ አልታወቀም። ወደ ሌላኛው ወገን ጥያቄ ልከናል፣ መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለቀ። ገንዘቡ ሄደ? አልሄደም? እንደገና ብንሞክር ሁለት ጊዜ ይሄድ ይሆን? ይኼን ስኬት ብሎ መቁጠር ውሸት ነው። ወዲያው ውድቀት ማለትም አያስኬድም፤ ብዙው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይስተካከላል። እኛ ለብቻው ቆጠርነው፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ አንዱ ካልተለየ እንደ ከሸፈ ይወሰዳል። ሁለት ደቂቃ ሰው ካሸር ፊት ቆሞ ሊታገሥ የሚችለው የመጨረሻው ጊዜ መስሎን ነው። ሌላ ቡድን ሌላ ቁጥር ቢመርጥ አልከራከርም።

ከዚህ የባሰም አለ፤ የተሳካው ሁሉ ስህተት የሆነበት። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። አንድ ሌሊት ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛመተ፣ ኤቲኤም ላይ ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበር ገለጸ፤ በኋላም ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደረሰ። እኔን እንደ ባለሙያ የሚያሳስበኝ እንዲህ ነው፦ ይኼ ዓይነቱ ችግር በስኬት መጠን ብቻ ሲለካ አይታይም። ጥያቄ መጣ፣ መልስ ተሰጠ፣ ብር ወጣ። ግራፉ አረንጓዴ ሆኖ ያድራል፤ እንዲያውም «በቂ ሂሳብ የለዎትም» የሚለው መልስ ስለቀነሰ ከወትሮው ያምራል።

ስለዚህ ትክክለኛነት የራሱ ግብ ያስፈልገዋል። ሒሳብ ሠራተኞች ድሮ ያውቁታል፤ ሂሳብ ማስታረቅ ይሉታል። የወጣው ከገባው ጋር ይመሳከራል። ያን ማስታረቂያ በወር መጨረሻ በኤክሴል ከመሥራት ይልቅ በየአምስት ደቂቃው የሚሮጥ ፈንክሽን ማድረግ ይቻላል። የእሱ ግብ ደግሞ በጀት የለውም፤ አንድ ልዩነት ካገኘ ሰው ይነሣል። የሂሳብ አለመመሳከር የሚታገሡት ነገር አይደለም። ጋሼ የፈለጓት መቶ እዚህ ቦታ ላይ ትሠራለች።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም። አማካይ አትጠቀሙ። 99 ጥሪ በ0.2 ሰከንድ አልቆ አንዱ 30 ሰከንድ ቢፈጅ አማካዩ ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ያ አንዱ ሰውዬ ግን ስልኩን ሊወረውር ደርሷል። «ከመቶ 99ኙ በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ» በሉ። አንድ ወጥመድ አለ፤ ፕሮሚቲየስ ጊዜን የሚቆጥረው በተወሰኑ ክፍሎች ነው። መጀመሪያ ይዞ የሚመጣቸው ክፍሎች 1 ሰከንድ፣ 2.5፣ 5 እያሉ ይሄዳሉ። ግባችን 2 ሰከንድ ከሆነ በ1 እና በ2.5 መሀል ያለውን እየገመተ ነው የሚነግረን። ግቡ ላይ ራሱ ክፍል እንዲኖር አስተካክሉት፤ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

አሁን ወደ ደወሉ እንምጣ። ግቡ ካለ በኋላ ማንቂያው በጀቱ በሚያልቅበት ፍጥነት ላይ ይሠራል። በርን ሬት ይሉታል። ፍጥነቱ 1 ከሆነ በጀቱ ልክ በ30 ቀን ያልቃል፤ ማንንም አንቀስቅስ። 14.4 ከሆነ በ50 ሰዓት ውስጥ ድራሹ ይጠፋል። ከጉግል ሰዎች የተወረሰው ልማድ እንዲህ ነው፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ የወሩ በጀት 2 በመቶ ከተበላ፣ ማለትም ፍጥነቱ 14.4 ከሆነ፣ ስልክ ይደወል። በ6 ሰዓት ውስጥ 5 በመቶ ከተበላም ይደወል። በ3 ቀን ውስጥ 10 በመቶ ከተበላ ግን ትኬት (የሥራ ማስታወሻ) ይከፈትና ጠዋት ይታይ። ለ99.9 ግብ 14.4 እጥፍ ማለት ከመቶ ጥሪ 1.44ቱ መክሸፉ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ከወደቀ ይኼ ደወል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል። ትንሽ ትንሽ የሚያንጠባጥብ ስህተት ሲሆን ደግሞ ተረኛው ተኝቶ ያድራል፤ ነገ ይደርሳል። ከረጅሙ መስኮት ጎን አጭር መስኮትም ይጨመራል፤ ለአንድ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ። ያ ካልተደረገ ችግሩ ተፈትቶም ደወሉ ለብዙ ጊዜ መጮኹን አይተውም፤ ተረኛው ደግሞ የሠራው መፍትሔ የሠራለት አይመስለውም።

ሒሳቡ ሌሊት ላይ ይሰናከላል። በሰዓት አሥር ዝውውር ብቻ ባለበት ሰዓት አንዱ ቢከሽፍ 10 በመቶ ነው፤ የፍጥነቱ ስሌት 100 ይላል፣ ስልክ ይጮኻል። አንድ ሰው ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ኔትወርክ ስለጠፋበት። ቀላሉ መፍትሔ ሌሊቱን ደወሉን መዝጋት ይመስላል። ለሐዋላ ፈንክሽኑ ግን አይሆንም። አዲስ አበባ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋ ሰዓቷ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ሰው ከሥራ ገብቶ፣ እራት በልቶ፣ ለእናቱ ብር የሚልክበት ሰዓት። ጥሪው ጥቂት ነው እንጂ አስፈላጊነቱ ከቀኑ አያንስም። ስለዚህ ደወሉን ትተን አንድ ሁኔታ ጨመርን፤ ከፍጥነቱ ሌላ የከሸፉት ጥሪዎች ቁጥር ራሱ ከተወሰነ ልክ ማለፍ አለበት። በየደቂቃው ራሱን የሚሞክር ሰው ሠራሽ ጥሪም ትራፊኩን ያግዘዋል።

ይኼ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛ ለሚመስለው ሰው ከሶፍትዌር ውጭ የሆነ ነገር ልንገረው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 1994 ዌልስ ውስጥ ሚልፎርድ ሄቨን የሚገኘው የቴክሳኮ የነዳጅ ማጣሪያ ፈነዳ። ከፍንዳታው በፊት በነበሩት የመጨረሻ 11 ደቂቃዎች ሁለት ኦፕሬተሮች ፊት 275 ማንቂያ ጮኸ። በአማካይ በየሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ አንድ መሆኑ ነው። መረጃ አልጠፋቸውም፤ ከልክ በላይ በዝቶባቸው ነው። የሰፈር እድር ጥሩምባ ንጋት ላይ ሲነፋ ሰው ከአልጋው የሚወርደው ለሌላ ነገር ስለማይነፋ ነው። ጥሩምባ ነፊው ለየጉንፋኑ ቢነፋ ኖሮ ለቀብር የሚወጣ አይገኝም ነበር።

የማይጮኸው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የክሽፈት መጠን የሚሰላው ከተጠሩት ላይ ነው። ፈንክሽኑ ጭራሽ ካልተጠራ ምንም ስህተት የለም። ሰርቨሩ ሙሉ በሙሉ ሞቶ ከሆነ ቁጥር አይልክም፤ ቁጥር ከሌለ ስሌት የለም፤ ስሌት ከሌለ ደወል የለም። ሌሊት ላይ መሮጥ የነበረበት ማስታረቂያ ሳይነሣ ቢቀር ማን ይናገራል? ለዚህ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው «መጨረሻ የተሳካው መቼ ነው» የሚለውን መለካት ነው፤ ከተወሰነ ጊዜ ካለፈ ይጮኻል። ሁለተኛው ሁሌ የሚጮኽ ደወል ነው፤ ከድርጅቱ ውጭ ላለ አንድ ተቀባይ በየጊዜው «አለሁ» ይላል። ዝም ሲል ተቀባዩ ሰው ይቀሰቅሳል። ውጭ መሆኑ ግድ ነው። ማንቂያው ከሚጠብቀው ሲስተም ጋር በአንድ መብራትና በአንድ ኢንተርኔት ላይ ከተቀመጠ አብሮት ይጠፋል። ቴሌግራም ራሱ በማይከፈትበት ቀንም አገራችን ውስጥ ስላለፍን፣ ስልክ የሚደውል ሁለተኛ መንገድ ቅንጦት አይደለም።

ደወሉ ሲደርስ ምን ይላል? እንቅልፉን ላቋረጥነው ሰው ቢያንስ አማርኛ እናውራው። የትኛው ፈንክሽን፣ ከመቶ ስንቱ እየከሸፈ እንደሆነ፣ መጀመሪያ የሚታየው ቦታ፣ ማን ጋ መደወል እንደሚቻል። አራት መስመር። ሰዓቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ሎጉ (የሲስተሙ መዝገብ) በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ 00:20 ይላል፣ ስልኩ 3:20 ይላል፣ ተረኛው ለባልደረባው ሲደውል «9፡20 ላይ ነው የጀመረው» ይላል። ባልደረባው ሎጉ ውስጥ 9፡20ን ሲፈልግ የሚያገኘው የእኩለ ቀኑን ነው። መልእክቱ ላይ የዩቲሲውንና የእኛን ሰዓት ጎን ለጎን ማስጻፍ ትንሽ ኮድ ናት። ጻፏት።

በጀቱ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል፤ የዚያን ዕለት መስማማት አይቻልም። የእኛ ውል አጭር ነው። የአንድ ፈንክሽን በጀት ካለቀ እሱን የሚነካ አዲስ ነገር መልቀቅ ይቆማል፤ የሚሠራው ጥገና ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ ከተረፈ ግን ፕሮዳክቱን የምትመራው ልጅ አርብ ከሰዓት ዲፕሎይ፣ አዲሱን ኮድ እንልቀቅ፣ ብትል እኔ አልከለክልም። ድሮ አርብን እንከራከር ነበር፤ እሷ «አንተ ሁሌ ትፈራለህ»፣ እኔ «አንቺ ቅዳሜ አትቀሰቀሺም»። አሁን ግራፉን ከፍተን እናያለን። ባለፈው ወር የተረፈውን ዳታቤዙን ወደ አዲስ ሰርቨር ማዛወሪያ አደረግነው፤ ለጥቂት ደቂቃዎች እንደሚቋረጥ እያወቅን፣ ለደንበኛ ነግረን።

ማንቂያ መቀነስም ሥራ ነው። ተረኛ ሲለዋወጥ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ሳምንቱን ከጮኹት ውስጥ ምንም ያላደረክበት የትኛው ነው? ያ ደወል ወደ ትኬት ይወርዳል ወይም ይጠፋል። ያጠፋው ሰው ስም አይመዘገብም፤ የቡድኑ ውሳኔ ነው። በዚህ መንገድ የሲፒዩ ደወሎች በሙሉ ሄደዋል። የዲስክ መሙላት ደወል ግን አልጠፋም፤ ዲስክ ሲሞላ ሁሉም ፈንክሽን አብሮ ስለሚወድቅና ቀደም ብሎ ማየት ስለሚቻል። እሱም ቀን ቀን ብቻ ነው።

የቀረን የወርሃዊ ሪፖርቱ ነው። እኔ ጭራሽ ደወል አያስፈልገውም፣ ትኬት ይበቃዋል ባይ ነኝ። ጋሼ ደግሞ ሪፖርቱን የሚጠብቁት ኃላፊዎች ስለሆኑ ይደወል ይላሉ። ሰኞ ስብሰባ አለን።